ከርዳዳ ፀጉር በሽታ አይደለም



አላህ (ሱ.ወ) የቋንቋችንና የመልካችን መለያየት ከታምራቱ አንዱ መሆኑን በሱረቱ አር-ሩም ነግሮናል። ከመልካችን ጋር አብሮ የሚቆጠረው ፀጉራችንም እንዲሁ ይለያያል። ከመካከላችን ዞማ ፀጉር ያላት አለች፤ ሉጫ ያላት አለች፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ጥቅልል ወይም ከርዳዳ ፀጉር ይዘን ተወልደናል። ይሁንና ስለ ዞማው ሲወራ «ታድላ!» እንላለን። ስለ ከርዳዳው ሲወራ ግን አነጋገራችን ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው አነጋገር ይሆናል። «ፀጉሯ አስቸጋሪ ነው»፣ «ምን ቢደረግለት ይሻለዋል?»፣ «መድኃኒት የለውም ወይ?» እንላለን።

ውድ አንባብያን፣ በመድኃኒት ቤት ስሠራ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። መልሱ አጭር ነው። ከርዳዳ ፀጉር በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት የለውም፤ አያስፈልገውምም። የሚያስፈልገው አያያዝ ነው። ፀጉራችንን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ተፈጥሮው ሳይሆን ተፈጥሮውን ለመለወጥ የምናደርገው ነገር ነው። በዚህ ወር አምዳችን ይህንኑ ኢንሻአላህ በዝርዝር እንመለከታለን።

ፀጉራችን ለምን ይጠቀለላል?

እያንዳንዷ የፀጉር ዘለላ የምትበቅለው ቆዳችን ውስጥ ካለች ጠባብ ጉድጓድ ነው። ሐኪሞች ፎሊክል ይሏታል። ጉድጓዷ ቀጥ ያለች ከሆነች የሚወጣው ፀጉር ቀጥ ይላል። እንደ ማጭድ የጎበጠች ከሆነች ደግሞ ፀጉሩ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የዘለላው ውፍረት በማጉያ መሣሪያ ሲታይም ልዩነት አለው። ቀጥ ያለው ፀጉር ወደ ክብ የሚያደላ ሲሆን የከርዳዳው ጠፍጠፍ ያለ የእንቁላል ቅርጽ አለው።

ከዚህ አፈጣጠር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ድርቀት ነው። የራስ ቆዳችን ወዝ ያመነጫል። ወዙ በቀጥታ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል። በጠመዝማዛ ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተያዘ ሥሩ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ሥሩ ወዝ እያለው ጫፉ ይደርቃል። ሁለተኛው መሰበር ነው። ሽቦ ደጋግሞ የታጠፈበት ቦታ ላይ እንደሚሰበር ሁሉ ፀጉርም የሚሰበረው በመታጠፊያው ነው። ሦስተኛው መቋጠር ነው። ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ በደረቁ ሲበጠሩ ይበጠሳሉ።

«የእኔ ፀጉር አያድግም» የምትል እህት ብዙ ናት። በእውነቱ ግን የማያድግ ጤነኛ ፀጉር የለም። ከርዳዳ ፀጉር በአማካይ በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ያድጋል፤ ቀጥ ያለው ከዚህ በመጠኑ ይበልጣል። እንግዲህ በዓመት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ታዲያ የት ይሄዳል? ከፊሉ በጥቅልሉ ውስጥ ተደብቋል። አንዷን ዘለላ ውኃ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ብትስቧት፣ ተሰብስባ ከነበረችበት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ረዝማ ታገኟታላችሁ። ሌላው ከጫፍ እየተሰበረ የሚጠፋው ነው። ከሥር የሚያድገውን ያህል ከጫፍ የሚሰበር ከሆነ ፀጉሩ ለዓመታት ባለበት የቆመ ይመስላል። ስለዚህ ለማስረዘም የሚሸጠውን ሁሉ ከመግዛት በፊት መሰበሩን ማቆም ይቀድማል።

ማለስለሻ ክሬም ምን ያደርጋል?

ሪላክሰር የምንለው ማለስለሻ ክሬም ዋና ንጥረ ነገሩ በብዙዎቹ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህ በተለምዶ ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው፣ ሳሙና ለመሥራትና የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ ለመክፈት የሚያገለግለው ኬሚካል ነው። «ኖ ላይ» ወይም «ለሕፃናት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ካርቶኖች ኮስቲክ ሶዳ ባይኖራቸውም በምትኩ ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ የሚባል ሌላ ብርቱ አልካሊ የሚፈጥሩ ናቸው። ስማቸው ለስላሳ ቢሆንም ማቃጠላቸው አይቀርም። የጤነኛ ቆዳ አሲዳማነት በፒኤች መለኪያ 5 ተኩል ገደማ ሲሆን የእነዚህ ክሬሞች ከ12 እስከ 14 ይደርሳል።

የፀጉርን ቅርጽና ጥንካሬ የሚይዙት በውስጡ ያሉ የሰልፈር ማያያዣዎች ናቸው። ክሬሙ እነዚህን ይበጥሳል። ፀጉሩ የሚተኛው ስለ «ለሰለሰ» ሳይሆን ጥቅልሉን ይዞ ያቆመው ምሰሶ ስለተነሳበት ነው። አንድ ጊዜ የተበጠሰው ተመልሶ አይገጠምም። ከሥር የሚወጣው አዲስ ፀጉር ግን እንደገና ከርዳዳ ስለሚሆን በየሁለትና ሦስት ወሩ መደጋገም ይመጣል። በአዲሱና በተለሰለሰው ፀጉር መገናኛ ላይ መሰበር የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክሬሙን የምትጠቀሙ እህቶች የሚከተሉትን አትዘንጉ። ቆዳው ቁስል ካለበት ወይም በቅርቡ ታክኮ ከቆሰለ አትቀቡ። በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፉ። «ማቃጠል ከጀመረ መሥራት ጀመረ ማለት ነው» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ማቃጠል ከጀመረ ቆዳው እየተጎዳ ነው፤ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ሳታቋርጡ እያጠባችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ሂዱ። ሕፃን ልጅ በስሕተት ከዋጠው በፍጹም እንዲያስመልስ አታድርጉ። ኬሚካሉ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋልና። አፉን በውኃ አጥባችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ክሬሙን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መቆለፍ የእያንዳንዷ እናት ግዴታ ነው።

ከመቃጠሉ በተጨማሪ ስለ ካንሰር የሚነሳ ጥያቄ አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አሳትመዋል። በጥናቱ ማለስለሻ ፈጽሞ ካልተጠቀሙ ሴቶች መካከል እስከ 70 ዓመታቸው የማሕፀን ካንሰር ይይዛቸዋል ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ሆኗል። ማለስለሻ ከተጠቀሙት ሴቶች 60 በመቶ ያህሉ ጥቁር ሴቶች ነበሩ።

ይህን አኃዝ በሚዛን ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል፣ ጥናቱ ግንኙነት መኖሩን አሳየ እንጂ ካንሰሩን ያመጣው ክሬሙ ብቻ ነው ብሎ አልደመደመም፤ ከመቶ ተጠቃሚዎችም ወደ 96 የሚሆኑት አይያዙም። ስለዚህ ለዓመታት የተጠቀመች እህት መደንገጥ የለባትም። በሌላ በኩል ግን ለውበት ብቻ ተብሎ ለሚደረግ ነገር ይህ የሚናቅ ማስጠንቀቂያ አይደለም። በተለይ ገና ከልጅነት ጀምሮ ለሚደጋገም ነገር።

«ኬራቲን» ወይም «ብራዚሊያን» በሚል ስም የሚሠራው ማለስለሻም ከነገሩ ነፃ አይደለም። ብዙዎቹ በፎን ወይም በፔስትራ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ውስጥ መድቦታል። ፀጉር ቤት ውስጥ ዓይናችሁ እያለቀሰ ጉሮሯችሁ ከተከረከረ ምልክቱ ይኸው ነው። ከተሠሪዋ በላይ የምትጎዳው ቀኑን ሙሉ የምትሠራዋ ልጅ መሆኗንም አንርሳ።

ፔስትራና ፎን

ከኬሚካሉ ይልቅ ሙቀት ይሻላል የሚሉ አሉ። ጥቅልሉ በታጠበ ጊዜ ስለሚመለስ በእርግጥ ጉዳቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፔስትራ ብረት 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ይሞቃል። እርጥብ ፀጉር ላይ ሲያርፍ በዘለላው ውስጥ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፀጉሩን ከውስጥ ይነፋዋል። ያን የጭስ ድምፅ ስትሰሙ የሚሰበረው ፀጉር እየተዘጋጀ ነው። ለዒድ ወይም ለሠርግ አልፎ አልፎ የምታደርግ እህት ፀጉሩ ፈጽሞ መድረቁን ታረጋግጥ፤ ሙቀቱን ዝቅ ታድርግ፤ አንዱን ቦታ ደጋግማ አትሂድበት። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ውሎ አድሮ አልመለስ የሚል፣ ሳይጠቀለልም ሳይተኛም የሚንጠለጠል ፀጉር ይተርፋታል።

ሹሩባና ሂጃብ

ሹሩባ የአያቶቻችን ጥበብ ነው። የወሎና የራያ ሴቶች አሠራር የታወቀ ነው። ያገቡ የሐረር እናቶች ፀጉራቸውን ለሁለት ከፍለው ከጆሮ ኋላ ጠቅልለው ጉፍታ ይሸፍኑበታል። ዘለላዎቹ አንድ ላይ ተይዘው ስለሚቆዩ አይጠላለፉም፤ በየቀኑም አይበጠሩም። ለከርዳዳ ፀጉር ከዚህ የተሻለ ዕረፍት የለም፤ ከጠበቀ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ተሠርታ የመጣች ልጅ ግንባሯ ተወጥሮ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ ሌሊቱን በሕመም ስታለቅስ «ይለምድላታል» ማለት ልማዳችን ነው። ሕመሙ ግን የፀጉሩ ሥር እየተነቀለ መሆኑን የሚናገር ነው። በመጀመሪያ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፤ ከዚያ ፀጉሩ ይሳሳል። በዚህ ደረጃ ጉተታው ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ፎሊክሏ ጠባሳ ትሆንና ዳግመኛ አታበቅልም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በአዋቂ ሴቶች ላይ ይህ በጉተታ የሚመጣ መመለጥ ከሦስት ሴቶች በአንዷ ገደማ እንደሚገኝ አሳይቷል። አደጋው ይበልጥ የከፋው በክሬም የለሰለሰ ፀጉር ላይ ሹሩባ ወይም ቅጥያ ሲጨመር ነበር።

ስለዚህ ሹሩባ ስትሠሩ ለሠሪዋ «አላልተሽ ሥሪኝ» ለማለት አትፈሩ። የግንባሩን ለጋ ፀጉር አትንኩት። ከአንድ ወር በላይም አታቆዩት። ቅጥያን በተመለከተ የሰው ፀጉር መቀጠል በሶሒሕ ሐዲሥ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ክርና መሰል ነገሮችን በሚመለከት ያለውን ዝርዝር ግን ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል። በሕክምናው በኩል ማለት የምችለው የትኛውም ቅጥያ ክብደቱን የሚሸከመው የራሳችን ፀጉር ሥር መሆኑን ነው።

«ሂጃብ ፀጉር ይነቅላል» ሲባልም እንሰማለን። ሂጃብ ፀጉር አይነቅልም። የሚነቅለው ከሥሩ የሚደረገው ጠባብ ቆብ፣ በየቀኑ በአንድ ቦታ የሚጠበቅ ቋጠሮና ያልደረቀ ፀጉርን ጨምቆ መሸፈን ነው። ቆቡ ግንባር ላይ ምልክት የማይተው ይሁን። የጥጥ ጨርቅ የፀጉሩን እርጥበት ስለሚመጥና ስለሚፈትገው ከውስጥ ሳቲን ቢደረግ ይመረጣል፤ ሐርም ቢሆን ለሴቶች የተፈቀደ ነው። የጥቅልሉን ቦታ አንድ ቀን ከኋላ፣ አንድ ቀን ዝቅ አድርጉት። ቤት ስትገቡ ፍቱትና አየር ያግኝ።

ቅቤ፣ ዘይትና ሂና

«ቅቤ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ለሚለው መልሱ እንደ አጠቃቀሙ ነው። ለጋ ቅቤም ሆነ ዘይት ውኃን አይተካም፤ በፀጉሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ግን ይዞ ያቆያል። ስለዚህ በደረቀ ፀጉር ላይ ቅቤ መለሰን ድርቀቱን ማሸግ ነው። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ነው። የሚቀባውም በዘለላውና በጫፉ ላይ ነው። ፎረፎር ያለባት እህት በራስ ቆዳዋ ላይ ቅባት ባታበዛ ይሻላታል፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው የፈንገስ ዓይነት የሚመገበው ቅባት ነውና። ቅርፊቱ ከደረቅ ቆዳ የመጣ እየመሰለን ቅቤ ስንጨምርበት እየጋበዝነው ነው። ፎረፎር ላለበት ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ በቆዳው ላይ ብቻ ተደርጎ 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቢታጠብ ይረዳል።

የጉሎ ዘይት ፀጉርን ሸፍኖ ያወዛል እንጂ አዲስ ፀጉር ማብቀሉ አልተረጋገጠም። ቤት ውስጥ የምታዘጋጁት ደግሞ የጉሎው ፍሬ ብርቱ መርዝ እንዳለው ዕወቁ፤ ልጆች አይንኩት። በሐዲሥ የምናውቀው ሲድር፣ በአማርኛ ቁርቁራ የምንለው፣ ቅጠሉ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ስለሚያወጣ ለመታጠቢያ ያገለግላል። የሶማሌ እህቶቻችን ቀሲል የሚሉት ከዚሁ የዛፍ ወገን ነው። የልብስ ሳሙና ግን ለልብስ ነው፤ ፀጉርን እንደ ገለባ ያደርቀዋል።

ንጹሕ ሂና ችግር የለበትም፤ ፀጉሩን ስለሚያደርቅ ግን ከታጠበ በኋላ ዘይት ይፈልጋል። መጠንቀቅ የሚገባው «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ነው። ቶሎ እንዲያጠቁር ፒ.ፒ.ዲ የተባለ የማቅለሚያ ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ፊት የሚያሳብጥና ቆዳ የሚያቆስል አለርጂ ያስነሳል፤ ከተዋጠም ለሕይወት አስጊ ነው።

የሳምንቱ አያያዝ

አሁን ወደ ተግባሩ እንለፍ። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጥርሱ ሰፋፊ ሚዶ፣ ሻምፑ፣ ኮንዲሽነር፣ ማንኛውም የሚስማማችሁ ዘይትና ውኃ የሚረጭ ጠርሙስ ይበቃል።

1. ከመታጠባችሁ በፊት ፀጉሩን በአራት ወይም በስድስት ክፈሉትና ለያይታችሁ ያዙት። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማሸት ቋጠሮ ያበዛል።

2. በሳምንት ወይም በ10 ቀን አንድ ጊዜ መታጠብ ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ሻምፑውን በጣት ጫፍ በራስ ቆዳው ላይ አዳርሱ። ዘለላው ውኃው ሲወርድ በሚያልፈው አረፋ ይጸዳል።

3. ኮንዲሽነር ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። የምታበጥሩት አሁን ነው፤ ፀጉሩ እርጥብና አዳላጭ ሳለ። ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። ከሥር ጀምሮ መጎተት ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ጫፍ ገፍቶ ያጠብቀዋል።

4. በፎጣ አትፈትጉ። አሮጌ የጥጥ ቲ-ሸርት ጠቅልላችሁ ውኃውን ምጠጡት።

5. እርጥበቱ ሳይጠፋ ጥቂት ዘይት በመዳፋችሁ አሽታችሁ በተለይ ጫፎቹን ዳብሱ። ከዚያ ላላ ባለ ሹሩባ ወይም በሁለት በሁለት ገምዳችሁ ይድረቅ።

6. በሳምንቱ መሐል ከደረቀ ውኃ ርጩበትና ጫፉን አርጥቡት። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣባቸው ሰፈሮችም ይህ ቀላል ነው። በየቀኑ ማበጠር አያስፈልግም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፀጉር በማበጠር መጠመድን ከልክለው አልፎ አልፎ እንዲሆን መፍቀዳቸው በሐዲሥ ተዘግቧል። ከርዳዳ ፀጉር ላላት ይህ እንዴት ያለ ምቾት ነው!

7. ማታ በሳቲን ጨርቅ ሸፍናችሁ ተኙ።

ጉስልን በተመለከተ ከእህቶች የሚነሳ ስጋት አለ። «ሹሩባዬን በየጊዜው ልፈታ ነው ወይ?» ይላሉ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ይህንኑ ጠይቀው ለጀናባ ጉስል ጉንጉናቸውን መፍታት እንደማያስፈልጋቸው፣ በራሳቸው ላይ ሦስት ጊዜ በእፍኝ ውኃ ማፍሰስ እንደሚበቃቸው መልስ ማግኘታቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የሐይድን ጉስል በሚመለከት ዑለማዎች ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስላላቸው እነሱን ጠይቁ። በእኛ በኩል የምናስታውሰው ውኃው ወደ ሥሩ እንዲደርስ ሰም መሰል ወፍራም ቅባት በራስ ቆዳ ላይ አለመጠቅጠቅን ነው።

ፀጉር ከማዕድ ይጀምራል

ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ሰውነታችን ምግብ ሲያጥረው ልብንና አንጎልን አስቀድሞ ፀጉርን ወደ ኋላ ይተዋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋና ጉበት ለፀጉር ከማንኛውም ቅባት ይበልጣሉ። የብረት ማነስ በወላድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች የተለመደ የፀጉር መሳሳት ምክንያት ነው። የወር አበባ የሚበዛባት፣ በላይ በላይ የወለደች፣ ደረጃ ስትወጣ የሚያልባትና የሚደክማት እህት ደሟን ትመርመር። ከምግብ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ መጨመር ብረቱ እንዲመጠጥ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። በረመዳን ከኢፍጣር ጋር ሻይ የምታስከትሉ ይህን ልብ በሉ።

ከወለዱ በኋላ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ፀጉር በእፍኝ ሲወጣ ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። በእርግዝና ወቅት ሳይረግፍ የቆየው ባንድ ጊዜ መርገፉ ነውና አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ከዚህ ውጪ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፍ ጤናማ ነው። ሳምንት ሙሉ በሹሩባ የቆየ ፀጉር ሲፈታ የተጠራቀመው አብሮ ስለሚወጣ ብዙ ይመስላል።

«የፀጉር ቫይታሚን» ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን እጥረት ለሌለበት ሰው ፀጉር መጨመሩ አልተረጋገጠም። በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የምትወስዱ ካላችሁ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለላቦራቶሪ ባለሙያው ተናገሩ።

ሐኪም ማየት የሚገባው መቼ ነው?

የሕፃን ራስ ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለውና ፀጉሩ ከሥሩ የተቆረጠ የሚመስል ቦታ ከታየ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ይህ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግሪሲዮፉልቪን ከታዘዘለት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰድ፤ ስለተሻለው አያቋርጥ። ሚዶና ቆብ ከወንድም ከእህቱ ጋር አይጋራ።

ወንድሞችም ይህ አምድ ይመለከታችኋል። ከርዳዳ ፀጉር እስከ ቆዳ ድረስ ሲላጭ የተቆረጠው ጫፍ ተጠማዝዞ ወደ ቆዳ ተመልሶ ይገባል። በማጅራትና በአገጭ ላይ የሚወጣው ብጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ጥቂት አስቀርቶ በማሽን መቆረጥ ይሻላል። ብጉሩ እየጠጠረ ጠባሳ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ከዚህ ሌላ መሐል አናት ላይ እየሰፋ የሚሄድ መሳሳት፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያዥ የራስ ቆዳ፣ እንዲሁም ባንድ ጊዜ በክብ የሚመለጥ ፀጉር የቆዳ ሐኪም ይፈልጋል። ጠባሳ ከመሆኑ በፊት መድረስ ነው ዋናው ነገር።

ለልጆቻችን ምን እንበላቸው?

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ማለስለሻ ልትገዛ መጥታ ነበር። «እኅቷ የአባቷን ወጥታ ዞማ ናት፤ ይቺ ግን ፀጉሯ እንዲህ ሆኖ ቀረ» አለችኝ። ልጅቱ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። እናቲቱ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ልጇን ማሳመር ነው የፈለገችው። ክሬሙን አልሸጥኩላትም። ሚዶና ኮንዲሽነር ይዛ ሄደች። ልጅቱ ግን የሰማችውን ይዛ ሄደች፤ እሱን የሚያጥብ ሻምፑ የለንም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በተፈጥሮ ፀጉራቸው ምክንያት ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲገፉ ኖረው፣ ይህን የሚከለክል ሕግ በካሊፎርኒያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እኛ አገር ጎፈሬ የጀግና ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ የአፋር ወጣቶች በቅቤ የተዋበ ጥቅልል ፀጉራቸው ዛሬም ኩራታቸው ነው። ልጆቻችን በቴሌቪዥን ከሚያዩት ዞማ ፀጉር በፊት ይህን ከእኛ ይስሙ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፀጉር ያለው ሰው እንዲያከብረው ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ትእዛዙ ለዞማ ፀጉር ብቻ አልመጣም። ማክበር ደግሞ በእጅ ብቻ ሳይሆን በአንደበትም ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ወይም እሑድ ልጃችሁን በጭናችሁ መሐል አስቀምጣችሁ ስትሠሯት «ዝም በይ፣ ይሄ ሽቦሽ!» ከማለት ይልቅ ፀጉሯ እንዴት እንደበቀለ፣ ለምን እንደሚጠቀለል፣ ለምን ውኃ እንደሚወድ ንገሯት። አባቶችም «ማሻአላህ፣ አማረብሽ!» በሏት። ከርዳዳ ፀጉሯን ወዳ ያደገች ልጅ ነገ ራሷን የሚያቃጥል ክሬም ፍለጋ አትመጣም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አላህ ጤናችሁን ይጠብቅልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።